አምባዛው የት አለ? ዋዮሚንግ ተራራ ላይ የቀረው ሐይቅ

አሜሪካ የምትኖሩ ታውቁታላችሁ፤ አገር ቤት የኖረ ወላጅ ሲመጣ ምን እንደሚያሳዩት ግራ ይገባል። የገበያ ማዕከሉ አንድ ቀን ነው። ቤተ ክርስቲያን እሁድ ነው። ከዚያ በኋላ ያው ሶፋ፣ ያው ቴሌቪዥን፣ ያው መስኮት። አባቴ ባለፈው ዓመት ከባሕር ዳር መጥተው ሦስት ወር እኛ ጋ ኮሎራዶ ሲከርሙ፣ ሦስተኛው ሳምንት ላይ «እዚህ አገር ሰው የሚኖረው መኪና ውስጥ ነው እንዴ?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። ከቤት ወጥቼ መኪናዬ ውስጥ እየገባሁ ነበር።

መላውን ያመጣችው የአሥራ አንድ ዓመቷ ልጄ ናት። ትምህርት ቤት ስለ ቅሪተ አካል ተምረው ኖሮ «ዓሣ ተቆፍሮ የሚወጣበት ቦታ አለ፣ ሰው ሄዶ ራሱ መቆፈር ይችላል» አለች። አባባ ቡናቸውን አስቀመጡ። «ዓሣ ይቆፈራል እንዴ? ዓሣ ይሰገራል እንጂ።» ሰውየው ጣና ዳር ተወልደው፣ በልጅነታቸው በታንኳ፣ ኋላም በመረብ ዓሣ እያሰገሩ አምስት ልጆች ያሳደጉ ናቸው። ስለ ዓሣ ቀልድ አያውቁም። ሐምሌ ውስጥ አንድ ዓርብ በሌሊት ተነሣንና ወደ ዋዮሚንግ ነዳን።

ከዴንቨር አካባቢ ኬመረር የምትባለው ትንሽ ከተማ ድረስ ሰባት ሰዓት ገደማ ነው። መንገዱ ደረቅ ነው። ነፋስ፣ ቁጥቋጦ፣ የጭነት መኪና፣ አልፎ አልፎ ሚዳቋ መሳይ አውሬ። ከተማዋ ያለችው ከባሕር ጠለል በላይ ሁለት ሺህ ሜትር አልፎ ነው፤ ክረምቷ በረዶ ነው፤ በአካባቢው ትልቅ የሚባል ውሃ አይታይም። አባባ ግራና ቀኙን ካዩ በኋላ «ልጄ፣ ያቺ መምህርሽ ቀልዳብሻለች» አሉ። እውነቱን ለመናገር እኔም በልቤ እንደዚያው እያልኩ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከዛሬ 52 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት፣ ዳይኖሰሮች ከጠፉ ከ14 ሚሊዮን ዓመት ያህል በኋላ ማለት ነው፣ ያ ደረቅ አገር ሞቃትና እርጥብ ነበር። ዘንባባ ይበቅልበታል፣ አዞ ይተኛበታል። ዛሬ ዋዮሚንግ፣ ዩታና ኮሎራዶ የምንላቸው ግዛቶች ላይ ሦስት ታላላቅ ሐይቆች ተዘርግተው ነበር። ሳይንቲስቶች ጎሲዩት፣ ዩንታ እና ፎሲል ሐይቅ ብለው ሰይመዋቸዋል። ሦስቱ ጥለውት የሄዱት ደለል በአንድነት «የግሪን ሪቨር ፎርሜሽን» ይባላል። እኛ የሄድንበት ፎሲል ሐይቅ ከሦስቱ ትንሹ ነው። በሰፋበት ዘመን ርዝመቱ እስከ 80 ኪሎ ሜትር፣ ወርዱ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር። ርዝመቱ ከጣና ብዙም አይርቅም። ይሄንን ለአባባ ስነግራቸው ነው ለመጀመሪያ ጊዜ በቁም ነገር ያዳመጡኝ።

ሐይቁ ከውሃው የኖራ ዝቃጭ እንደ ዱቄት እያዘነበ ወለሉ ላይ ያነጥፍ ነበር። ጥልቁ ውሃ ውስጥ ኦክስጅን ስለማይበቃ የሞተውን የሚቆራርጥ ትል የለም፣ የሚጎትተው ቀንድ አውጣ የለም። ዓሣው ሞቶ ወርዶ በጎኑ ተኛ፤ ዱቄቱ ሸፈነው። አንዱ ስስ ንጣፍ ነጣ ያለ፣ ቀጣዩ ጠቆር ያለ፣ እንዲህ እየተደራረበ ድንጋይ ሆነ። ዛሬ ያንን ድንጋይ በመሮ ስትሰነጥቁት እንደ መጽሐፍ ገጽ ይገለጣል። ሰምተን አናውቅም እንጂ ይሄ ቦታ በዓለም ላይ ዓሣ ድንጋይ ውስጥ ከነቅርፊቱና ከነክንፉ ተጠብቆ ከተገኘባቸው ስፍራዎች አንደኛው ረድፍ ላይ ነው።

ካባው ላይ ደረስን። የግል የድንጋይ ካባ ነው፤ በሰዓት ሒሳብ ትከፍላላችሁ፣ መዶሻና መሮ ይሰጧችኋል፣ ፀሐዩ አናታችሁን እየመታ ትሰነጥቃላችሁ። የመጀመሪያው ሰዓት ምንም አልነበረም። ልጄ አኮረፈች። አባባ ግን ቁጭ ብለው ድንጋዩን በእጃቸው እየዳበሱ ቆዩና ጫፉን ሁለቴ መታ መታ አደረጉት። ተከፈተ። ውስጡ ጣት የምታክል ቡናማ ዓሣ፣ የጀርባ አጥንቷ አንድ በአንድ የሚቆጠር፣ ዓይኗ ያለበት ቦታ የሚታወቅ። አባባ ዝም አሉ። እኔም ዝም አልኩ። ልጄ ጮኸች።

ያቺ ዓሣ «ናይቲያ» ትባላለች። የሰርዲን ቤተሰብ ናት። በመንጋ ትኖር ስለነበር በመንጋ ነው የሞተችው፤ አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ብዙ ናይቲያ አንድ ላይ ተረፍርፈው የሚታዩበት ጊዜ አለ። ስሟ የመጣው የዋዮሚንግ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ምድር ሊቅ ከነበረው ከዊልበር ናይት ነው። ግዛቷም እ.ኤ.አ. በ1987 የግዛት መለያ ቅሪተ አካል አድርጋ መርጣታለች። ሌላው ሁሉ የሚበላት እሷን ነው። ሐይቁን የመገበችው ይህቺው ትንሽ ዓሣ ናት ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የሚበሏትንስ አየናቸው? አዎ፣ ግን ካባው ላይ አይደለም። ከኬመረር በስተ ምዕራብ እ.ኤ.አ. ከ1972 ጀምሮ በፌዴራል መንግሥት የተከለለ «ፎሲል ቢውት» የሚባል ስፍራ አለ፤ መግቢያው ላይ ያለው ማሳያ አዳራሽ ውስጥ ሁሉም በየተራ ግድግዳ ላይ ተሰቅለዋል። እዚያ ውስጥ ሁለት ሰዓት አሳለፍን። እኔ ብቻዬን ብሆን ሃያ ደቂቃ ይበቃኝ ነበር። ያቆዩን አባባ ናቸው። ስማቸውን ማንበብ አይችሉም፤ ማንበብም አላስፈለጋቸውም። እያንዳንዱ ዓሣ ፊት ቆመው አፉን ያያሉ፣ ከዚያ ምን እንደሚበላ ይናገራሉ። እኔ ከሥሩ ያለውን ጽሑፍ እያነበብኩ አረጋግጣለሁ።

«ይሄ አፉ ወደ ላይ የዞረ ነው፤ ውሃው ገጽ ላይ ነው የሚያድነው» አሉ። ዲፕሎሚስተስ ነው፤ ከግማሽ ሜትር በላይ የሚያድግ፤ ልክ ናቸው። «ይሄኛው አፉ ወደ ታች ነው፤ ጭቃ ነው የሚምግ።» ኖቶጎኒየስ፤ የዛሬ ዘመዶቹ ባሕር ውስጥ ብቻ የቀሩ፣ ያን ጊዜ ግን ሐይቅ ወለል ላይ ይኖር የነበረ። ፕሪስካካራ የሚባለውን ሰፊ ዓሣ ሲያዩ እጃቸውን ሰበሰቡ። «የዚህ እሾህ መረብ ይቀዳል፣ ጣትም ይበሳል፤ ቀረሶም እንዲሁ ነው።» ሚዮፕሎሰስ ጋ ስንደርስ ደግሞ ሳቁ። ይሄ ዓሣ በመንጋ አይገኝም፤ ብቻውን የሚያድን ነው። ከግድግዳው ላይ ያለው ሌላ ዓሣ ግማሹን ውጦ ግማሹ ጉሮሮው ላይ እንደተሰነቀረ የሞተ ነበር። እንዲህ ያሉት ከአንድ በላይ ተገኝተዋል። 52 ሚሊዮን ዓመት ሙሉ ያልዋጠው ጉርሻ! «ስስት» አሉ አባባ፤ ሌላ አላከሉም።

ከ20 በላይ የዓሣ ዝርያዎች ከዚህ አንድ ሐይቅ ወጥተዋል። የሚገርመው ቁጥሩ ሳይሆን ስብጥሩ ነው። ጅራቷ መርዘኛ እሾህ ያላት እንደ ምጣድ የጠፈጠፈች ዓሣ፣ ሄሊዮባቲስ፣ ዘመዶቿን የምናውቃቸው በባሕር ነው፤ እሷ ግን የጣፋጭ ውሃ ነዋሪ ነበረች። አፍንጫዋ እንደ መቅዘፊያ የረዘመ ክሮሶፎሊስ አለች፤ ከቅርብ ዘመዶቿ አንዷ ዛሬም ሚሲሲፒ ወንዝ ውስጥ አለች፤ ሌላኛዋ፣ የቻይናው ያንግዚ ወንዝ ዓሣ፣ ከምድር መጥፋቷ እ.ኤ.አ. በ2022 ታውጇል። አፉ የአዞ የሚመስል፣ ቅርፊቱ እንደ ጥሩር የጠነከረ ዓሣ አለ፤ ቤተሰቡ ዛሬም ቴክሳስና ሉዊዚያና ወንዞች ውስጥ ይዋኛል። ፋሪዮደስ የሚባለው ባለ ሹል ጥርስ ዓሣ ደግሞ እኛን ይመለከተናል። የእሱ ቤተሰብ የሆኑ ዓሦች ዛሬ ሰሜን አሜሪካ ውስጥ የሉም፤ ያሉት በአማዞን፣ በአውስትራሊያ፣ በደቡብ ምሥራቅ እስያ እና በአፍሪካ ነው። የአፍሪካው ወኪል ሄተሮቲስ በናይል ተፋሰስ ይኖራል፤ የኛው ባሮ ውስጥም አለ። ጋምቤላ ዓሣ የበላ አንባቢ ካለ የዋዮሚንግ ድንጋይ ውስጥ የተኛውን ዓሣ የሩቅ ዘመድ ቀምሶ ሊሆን ይችላል።

ከዚያ ነው አባባ ወደ መጀመሪያው ግድግዳ ተመልሰው ሁሉንም እንደገና ዞረው ያዩትና የጠየቁት፦ «አምባዛው የት አለ?»

ሳቅሁ። አባባ እዚህም አምባዛ ፈለጉ ብዬ። እሳቸው ግን አልቀለዱም። «ሐይቅ ነው ትላላችሁ፤ ጭቃ አለው ትላላችሁ። ጭቃ ያለው ሐይቅ አምባዛ አያጣም።» አስተናጋጇን የፓርክ ሠራተኛ ጠየቅናት። ልጄ ናት ያስተረጎመችው፤ እኔ ቃሉ ጠፍቶኝ ነበር። ሴትዮዋ ዓይኗ በራ። ጥሩ ጥያቄ ነው አለች። የአምባዛ ወገን የሆኑ ዓሦች በጎረቤቱ በጎሲዩት ሐይቅ የተለመዱ ናቸው፤ በዚህኛው ግን የሉም ማለት ይቻላል። ሁለት ጎን ለጎን ያሉ ሐይቆች፣ አንድ ዓይነት አየር፣ ነገር ግን የዓሣው ስብስብ የተለያየ። ተመራማሪዎች በቁም ነገር የሚነጋገሩበት ነገር ነው። ዓሣ አስጋሪው አባቴ ፊደል ሳይቆጥሩ በሁለት ሰዓት ደረሱበት። የቺካጎው ፊልድ ሙዚየም ተመራማሪ ላንስ ግራንዴ ዕድሜውን ለዚህ ሐይቅ ሰጥቶ እ.ኤ.አ. በ2013 ትልቅ መጽሐፍ አሳትሟል፤ እሱ ቢሰማቸው ደስ የሚለው ይመስለኛል።

ስለ ዘመኑ ግን ተከራከርን። ይሄንን ሳልጽፈው ብቀር ይቀለኝ ነበር፤ ግን ብዙዎቻችን ቤት ያለ ነገር ነው። ልጄ «52 ሚሊዮን ዓመት» ስትል አባባ «ይሄ የኖኅ ውሃ ነው። ውሃው ተራራ ላይ ዓሣ ጥሎ ሄደ፤ ተጽፏል» አሉ። እሷ ወደ እኔ አየች፤ እኔ ወደ መኪናው ቁልፍ አየሁ። እዚህ ያደጉ ልጆቻችንና አገር ቤት ያሉ ወላጆቻችን መሃል ስንቆም ሁሌም ቁልፍ እንደፈለግን ነው።

በመጨረሻ የማውቀውን ነገርኳቸው። ዓሣዎቹ በተኙበት ደለል መሃል የእሳተ ገሞራ አመድ ንብርብር አለ። አመዱ ውስጥ ያለው ማዕድን በተወሰነ ፍጥነት እየተለወጠ አርጎን የሚባል ጋዝ ያጠራቅማል፤ ተመራማሪው ያንን ለክቶ ዕድሜውን ያሰላል። ሉሲ የተገኘችበት የሐዳር ዕድሜ የተለካውም በዚሁ ዘዴ ነው። በሉሲ ስንኮራ ዘዴውን ተቀብለናል ማለት ነው አልኳቸው። አባባ ሉሲን አልነኩም። መልስ የሰጡት በራሳቸው ሙያ ነው። ድንጋዩን ዘቅዝቀው ቀና አድርገው አዩትና «ጎርፍ ዓሣን እንዲህ አያስተኛውም» አሉ። ጎርፍ ያጋጨዋል፣ ከእንጨትና ከአሸዋ ጋር ይቀላቅለዋል፣ ክንፉን ይገነጥለዋል። ይሄ የሞተው ዝም ባለ ውሃ ውስጥ ነው። «እግዚአብሔር የሠራበትን ቀን እኔ አልቆጥርም» ብለው ነገሩን ዘጉት። ልጄም ዘጋችው። ከዚያ በላይ አልፈለግሁም።

ሌላው ያከራከረን ዓሣው የማን ነው የሚለው ነው። ሕጉ ሦስት ዓይነት ነው። የግል መሬት ላይ የተገኘ የባለመሬቱ ነው፤ ሊሸጠው ይችላል። በዋዮሚንግ ግዛት መሬት ላይ ያሉ ካባዎች እንደ ናይቲያ ያለውን የተለመደ ዓሣ ይሸጣሉ፤ ብርቅ የሆነው፣ የሌሊት ወፍ ይሁን ወፍ ወይም አዞ፣ የግዛቱ ነው። በፌዴራሉ ክልል ውስጥ ደግሞ ጠጠር ማንሳት አይቻልም። ከመቶ ዓመት በላይ ሰዎች እዚህ ዓሣ ቆፍረው በመሸጥ ኖረዋል። ዛሬም ነጋዴዎቹ ካባ ላይ በሌሊት ይሠራሉ፤ መብራቱን ከጎን ዝቅ አድርገው ሲያበሩት ድንጋዩ ሥር የተደበቀው ዓሣ የአጥንቱ ጉብታ በጥላ ይታያል። ያንን ለማየት ቆይተን አናድር ይሆን ብዬ ነበር፤ ባለቤቴ በስልክ ከለከለችኝ።

እኔ በዚህ ነገር ሐሳቤ ተከፍሏል። አንድ ብርቅ ዓሣ አንድ ሀብታም ሳሎን ውስጥ ተሰቅሎ ሲቀር ሳይንስ ያጣዋል፤ ይሄ ያበሳጫል። በሌላ በኩል ግን ከዚህ ሐይቅ የምናውቀው ብዙው የወጣው ለገበያ በሚቆፍሩ ሰዎች እጅ ነው። የተመራማሪ ቡድን በየክረምቱ ለጥቂት ሳምንት መጥቶ ያንን ሁሉ ድንጋይ ሊገለብጥ አይችልም ነበር። እኛ አገር ሕጉ የተለየ ነው፤ ቅርስ ነው፣ የሕዝብ ነው፣ አይሸጥም። ይሄ ትክክል ነው እላለሁ፤ የኛ ድህነት ባለበት ገበያ ቢከፈት አፋር ላይ አጥንት አይተርፍም ነበር። ቅር የሚለኝ ሌላ ነው። ስለ ሰው አጥንት ስናወራ ስለ ዓሣው አናወራም። ሉሲ በተገኘችበት አካባቢ የአዞና የኤሊ እንቁላል፣ የሸርጣን ጥፍር ተገኝቷል፤ ሐይቅ ዳር እንደነበረች የሚናገሩት እነዚያ ናቸው። የስንቶቻችን ልጆች ይሄንን ያውቃሉ?

ከካባው ስንወጣ አንድ ነገር ሆነ። የመጨረሻውን ድንጋይ አባባ ሲመቱት መሮው ሸሸ። ውስጡ የነበረው ከናይቲያ በጣም የሚበልጥ ዓሣ ነበር፤ ጭንቅላቱ ላይ ተሰበረ። ሠራተኛው ልጅ ምንም አይደለም፣ በየቀኑ የሚሆን ነው አላቸው። እሳቸው ግን ፊታቸው ጠቆረ። መኪና ውስጥ ገብተን አንድ ሰዓት ያህል ከነዳሁ በኋላ ነው ያወሩት፤ ያወሩትም ስለዚያ ዓሣ ሳይሆን ስለ ጣና ነው።

ጣና ውስጥ ነጭ ዓሣ የምንለው አንድ ዓሣ አይደለም። ሳይንስ 15 ያህል ዝርያ ለይቷል፤ ሌላ የትም የሉም። ሐይቁ ከ15 ሺህ ዓመት በፊት ገደማ ደርቆ እንደነበር ከወለሉ ደለል ታውቋል፤ ይሄ ሁሉ ዓይነት የተከፋፈለው ውሃው ከተመለሰ ወዲህ ሳይሆን አይቀርም። ፎሲል ሐይቅ ላይ ያየነውን የአፍ ዓይነት፣ ወደ ላይ፣ ወደ ታች፣ ሰፊ፣ ጠባብ፣ ጣና በአንድ ቤተሰብ ውስጥ ሠርቶታል። ግማሽ ያህሉ ሌላ ዓሣ ይበላሉ፤ መንጋጋቸው ላይ ግን ጥርስ የላቸውም። በዓለም ላይ እንዲህ ያለ የዚህ ወገን ስብስብ ሌላ አንድ ፊሊፒንስ፣ ላናኦ ሐይቅ ውስጥ ነበር፤ እሱ አልቋል ማለት ይቻላል። በጣናም እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ዘመናዊው መረብና የሞተር ጀልባ ከገባ በኋላ፣ በ1990ዎቹ ብቻ የነጭ ዓሣው ብዛት በሦስት አራተኛ ገደማ መቀነሱን በቦታው የሠሩ ተመራማሪዎች ጽፈዋል። ብዙዎቹ ዝርያዎች ክረምቱ ሲገባደድ እንቁላል ለመጣል ወደ ጉማራ፣ ወደ ርብ፣ ወደ መገጭ ይወጣሉ። መረቡ የሚጠብቃቸው እዚያ አፋፍ ላይ ነው። እምቦጩ ደግሞ በላይ በላይ ተጨመረ።

አባባ ይሄንን ከኔ አልሰሙም፤ እኔ ነኝ ከእሳቸው የሰማሁት። «እኔም እዚያው ጉማራ አፍ ላይ ጥዬአለሁ» አሉ መስኮቱን እያዩ። «እንቁላሏን የያዘች ዓሣ ከባድ ናት፤ ኪሎዋ ጥሩ ነው። አምስት ልጅ ነበረኝ።» ሮሊንስ የምትባል ከተማ እስክንደርስ ማንም አልተነፈሰም። ልጄ አልተኛችም ነበር።

ያቺን መጀመሪያ ያገኟትን ናይቲያ መስከረም ላይ በጋቢ ጠቅልለው ይዘዋት ሄዱ። ካባው ደረሰኝ ሰጥቶናል፤ ሻንጣው ውስጥ ከተትነው። ባሕር ዳር ደርሰው በስልክ ሲነግሩኝ፣ ማኅበሩ ቤት ወስደው ለቆዩት ጓደኞቻቸው አሳይተዋቸዋል። አንዱ ስንት ኪሎ ትመዝናለች አለ። ሌላው ድንጋዩን ተቀብሎ አፏን አየና ምን እንደምትበላ ተናገረ። ሦስተኛው፣ ዕድሜው ከሁሉም የሚበልጠው፣ እዚያ አገር አምባዛ የለም ወይ ብሎ ጠየቀ።